ለአዘዘ የተቀመጠው ሞተር

የሟቹ የአክስት ልጅ ክንዱ ጣቱን ከሞተሩ ቀዳዳ መዝዞ አሸተተው። አሸተተና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለለቅሶ በለበሰው ነጠላ ጫፍ ጠረገው። አገርነሽ ከጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። ባሏ ቢያዝን ከሞተ ገና ሰልስቱ ነው፤ ድንኳኑም ከደጅ እንደተተከለ ነው። ይሄ የአክስቱ ልጅ ግን ጓዳ ገብቶ፣ ሸራ ገልጦ፣ የእሳት መጫሪያውን ካንዴላ ፈትቶ የሟችን ዕቃ እንደ ገበያ በግ ይዳብሳል።

«የዝገት ዘር የለበትም እኮ!» አለ፣ ደስ ብሎት።

ተመልሳ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች።

ደግሞ እሱ ብቻ ቢሆን ምናለ! ከረቡዕ ጀምሮ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አፉ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ዓይኑ ጓዳ ጓዳውን ያያል። የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤት፣ የቢያዝን የጋራዥ ባልደረባ፣ ከአንበሳሜ የመጣው ዘመድ ሁሉ ሳይቀር ንፍሮውን በእፍኝ እየዘገነ፣ ያ ሞተር አሁንም እንዳለ በሹክሹክታ ይጠይቃል። እሷ ግን እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው። ጎረቤቷ አስያ ሻይ በፔርሙስ እያመላለሰች፣ ለነፍሷ ያህል እንድትቀምስ ብትለምናት ብትለምናት እሺ አላለችም።

ሞተሩን እንደሆነ ከማንም በላይ የምትጠላው እሷ ነበረች። ቢያዝን በባሕር ዳርና በአንበሳሜ መካከል ሰው የምታመላልስ አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው፤ ሾፌሯ አንድ ልጃቸው አዘዘ ነው። የመኪናዋ ሞተር ሲደክም ይተካል ብሎ ይህን መለዋወጫ ሞተር ከአስመራ በሣጥን አስመጣ። ከዚያ የዘመቻው ጊዜ መጣና መኪናዋንም ሾፌሯንም ለግንባር ወሰዷቸው። ሞተሩ ቀረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ አራስ ጠበቀው። የባሕር ዳር ሐይቅ እርጥበት ከመሬት ወጥቶ እንዳያዝገው ከሁለት ግንድ ላይ አስቀመጠው። ካንዴላዎቹን እየፈታ በቀዳዳዎቹ ዘይት አፈሰሰበት፤ ክፍቱን ሁሉ ግራሶ በጠጣ ጨርቅ ወተፈ፤ በሸራ ሸፈነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጓዳውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ረጅሙን የመጠምዘዣ ብረት ከፊቱ ሰክቶ ግማሽ ዙር ያዞረዋል። ካልዞረ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ሲያዞረው ብረቱ ያቃስታል፤ ቢያዝንም ሁልጊዜ ያንኑ ቃል ከጓዳ ሆኖ ይጮኻል፤ «አዘዘ ሲመጣ መኪናዋ ደክማ ነው የምትመጣ! ሞተሯ ይጠብቃት!»

ኤዲያ! አልጋዋ ዘይት ሸተተ፣ ጋቢዋ ዘይት ሸተተ። የሌላው አባት ስለ ልጁ ለመጠየቅ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ የሷ ባል ብረት ይቀባል። አንድ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየችውም። ስለዚህ ተጸየፈችው። እጁን በአመድ ፈትጎ ካልታጠበ ከመሶቧ አታስደርሰውም፤ በኋላማ ጭራሽ ሳህኑን ለየችበት። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ ያለችውን አሁን ስታስበው ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች። «ከልጅህ ብረት ይበልጥብሃል። እጅህን ሳየው ያስመልሰኛል» ነው ያለችው። ቢያዝን እጁን ገልብጦ አየው፤ ወጥቶ ደግሞ ታጠበ። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ቦታው ልቡ ቀጥ አለች። የገነዙት ሰዎች የጥፍሩ ጥቁረት አልለቅ አለን ብለዋል።

ክንዱ ከጓዳ ወጥቶ ከፍራሿ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የአንድ መንግሥት ጋራዥ የዕቃ ኃላፊ ነው። ቀበሌ መጥቶ ሳይመዘግበው ሞተሩን ዛሬውኑ በመኪና ቢያስወጣላት ለሷም እንደሚበጃት፣ ላንድሮቨሩ ተበላሽቶ ለቆመበት አንድ ትልቅ ሰው እንደሚፈለግ፣ ውለታዋም እንደማይረሳ በለሆሳስ አስረዳት። አፉ ባቄላ ባቄላ ይሸታል።

«የአዘዘ ነው» አለችው። «ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ክንዱ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። መኪናዋ ከነልጁ ከነደደች ሁለት ዓመት አልፏታል። አብሮት የነበረ ወታደር መጥቶ ለጋሼ ቢያዝን ሲነግረው እኔም ነበርሁ። እንዳትነግሯት ብሎ አስምሎን ነው እንጂ።»

አገርነሽ ቀና ብላ አስያን አየቻት። አስያ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች።

ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይሄ ተደርድሮ ንፍሮ የሚያኝክ ሁሉ! ሁሉንም ተጸየፈቻቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ራሷን ተጸየፈች። ቢያዝን የጓዳውን በር ለምን ወለል አድርጎ እንደሚከፍት፣ የሚሰማው ሰው ሳይጠይቀው ለምን እንደሚጮኽ አሁን ገባት። ልጁ እንደማይመጣ እያወቀ፣ እሷ ይመጣል እንድትል ነበር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያዞረው። እሷ ደግሞ ሳህን ለየችበት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

«ካንዴላውን አምጣ» አለችው ክንዱን።

«የቱን?»

«ኪስህ የከተትኸውን።»

ተቀብላው ተነሣች። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥታ ሥራ መንካቷ ነውር ነው እያሉ ጥቁር ቀሚሷን ያዙ፤ አስለቀቀቻቸው። ጓዳ ገብታ ካንዴላውን ከቀዳዳው መለሰችና በእጇ አጠበቀችው። ረጅሙን የመጠምዘዣ ብረት ሰካችና ገፋችው፤ እምቢ አለ። በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ሞተሩ አቃሰተና ግማሽ ዙር ዞረ። ከድንኳኑ ያለው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓዳው አሰገገ። ሸራውን አለበሰችውና በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

አስያ ውኃና ሳሙና ይዛ ሮጠች። አገርነሽ ማንቆርቆሪያውን በክንዷ ገፋ አድርጋ ከፍራሿ ተመለሰች። ክንዱ ከፊቷ የነበረውን የንፍሮ ትሪ ሊያነሣላት ሲል ያዘችበት። በዚያ በሞተሩ ዘይት በጠቆረ እጇ አንድ እፍኝ ዘገነችና ጎረሰች። ንፍሮው ዘይት ዘይት አላት። አላምጣ ዋጠችና ደግማ ዘገነች።