የካሴ የሰም ትል

ሀብቴ ይሙት፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው። ካሴ ሲምል የሚምለው እንዲህ ነው፤ በራሱ ነፍስ ሳይሆን በሚስቱ ወንድም ነፍስ። ሀብቴም ስንት መሐላ ተሸክሞ እስካሁን ራስ ምታት እንኳ ሳይነካው መኖሩ፣ ካሴ ዋሽቶ እንደማያውቅ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው አንዲት ጠብታ ውኃ ያልገባበት ወሬ ነው። የሚጠራጠር ካለ ሀብቴ አለ፣ ይጠየቅ።

ነገሩ የተጀመረው በጃንሆይ ዘመን፣ ፈረንጆች የበሽሎን ውኃ ሊለኩ ወደ ስማዳ በመጡ ሰሞን ነው። ካሴ ያኔ ከአንድ መሃንዲስ ጋር እስከ ወንዙ ወርዶ ነበር። ምቀኞች «ዕቃ ተሸክሞ ነው የወረደው» ይላሉ። ዕቃውስ በርግጥ በካሴ ትከሻ ላይ ነበር፤ ግን መንገዱን የሚያውቀው እርሱ፣ ወንዙን የሚያውቀው እርሱ፣ ፈረንጁ ከኋላው እየተንጠባጠበ የሚከተል፤ ታዲያ መሪው ማን ሊባል ነው? ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መሃንዲሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተ። ውስጧ ቀያይ የላስቲክ ትል ሞልቷል። አንዱን መንጠቆ ላይ ሰክቶ ወረወረና ዓሣ መዝዞ አወጣ። ካሴ አንዱን ትል ተቀብሎ ጨመቀው፣ አሸተተው፣ በጥርሱም ሞከረው። እንደ ሕፃን ጆሮ የለሰለሰ ነው።

«ይኸንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለው።

መሃንዲሱ አማርኛ ስለማያውቅ ሳቀ። ካሴ ግን ውርርድ እንደ ገቡ ቆጠረው።

ወሬው በዚያው በቀረ ነበር። የማኅበር ነገር መጣና ነው። የጽዮን ማርያም ማኅበር በካሴ ቤት ባለፈው ተራ ሲጠጣ፣ ሽሮው ቀጥኖ ኖሮ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ወልደማርያም ወደ ድስቱ ጎንበስ ብሎ ጢሙን አስተካከለ። በወጡ ውስጥ መልኩን እያየ መሆኑ ነው። ማኅበርተኛው በሳቅ አለቀ። ካሴ ይህን እንዴት ይቻለው! ብድግ ብሎ፣ ዞሮ ተራው ሲደርስ ኅዳር ጽዮን ማኅበሩን በዓሣ እንደሚያጠግብ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በበሽሎ ውስጥ አንድ ዓሣ ቢተርፍ ሀብቴ ይሙት ብሎ ማለ። የነቢያት ጾም ይገባል እንዳይባል፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ቀለመወርቅ በዚያ ጾም ዓሣ ይፈቅዳሉ። ወልደማርያም እንደ ነገር ዐዋቂ ዝግ ብሎ አዳመጠና፣ መልካም ነው፣ ዓሣ ካበላኸን እናመሰግናለን፣ ባታበላን ግን ያን የአባትህን ጽዋ ሌላ ሰው ያነሣዋል ብሎ ፈረደ። የተቃወመ አልነበረም።

ካሴ በሬ ቢሞትበት ያለቅሳል፣ ይረሳዋልም። ያ ጽዋ ግን ሌላ ነው፤ ጽዋው ከሄደ የማኅበር ቦታውም አብሮ ይሄዳል። አባቱ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነበሩ፤ እርሱም በእሳቸው ቦታ ተቀምጦ፣ በአገሩ ውስጥ ሰው ሳያቋርጠው የሚያወራባት ብቸኛ ወንበር እርሷ ናት። ያቺ ከሄደች ለማን ሊያወራ ነው? ለሀብቴ?

ስለዚህ ወደ ሥራው ገባ። ላስቲክ በወገዳ ገበያ የለም፤ ሰም ግን አለ። ሰሙን በሸክላ አቀለጠና ሞከረው፤ ብቻውን ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። እንዲለሰልስ የበሬ ሞራ ጨመረበት፤ እንዲቀላ ቀይ አፈር ወቅጦ ነፋበት። ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቆ፣ መልሶ በልጥ አስሮ፣ በቀዳዳው አፈሰሰው። ልጡ ሲፈታ ትል ሆኖ ወጣ። ይኸ ማንም የሚሠራው ነው። ጥበቡ ከዚያ በኋላ፣ ማሟሸቱ ላይ ነው። አዲስ ድስት በተሠራ በቀኑ ወጥ እንደማይሠራበት፣ ትልም በተሠራ በቀኑ ውኃ አይገባም። መጀመሪያ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የወይራ ጭስ ይጠጣል። ቀጥሎ ምንጭ ዳር ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ጠል እንዲያርፍበት ደጅ ያድራል። የቸኮለበት ያቀልጠዋል፤ የዘገየበት ጧፍ ያደርገዋል።

የካሴ ትል አልቀለጠም፤ ጧፍም አልሆነም። ሕይወት ዘራ እንጂ። የጎረቤት ዶሮዎች ደጁን ጥለው አልሄድ አሉ። አንዲቱማ ነጥቃ ሮጣ ትሉ እየተሳበ ሸሻት ይባላል፤ ይባላል የሚሉት ያላዩት ናቸው፣ ካሴ ዐይቷል። በእሳት ዳር ቢያስቀምጡት አያልበው፣ በውርጭ ቢያሳድሩት አይደርቅ። አጣጥፈው ሲለቁት ተመልሶ ይዘረጋል። ያ ፈረንጅ ቢያየው ሣጥኑን በሽሎ ውስጥ ወርውሮ አገሩ በገባ።

ሚስቱ አመለወርቅ ግን ምን እንደ ጣመው አልገባትም። ቤቱ ቆዳ ፋቂ የተከራየው መሰለ ስትል አማረረች። ለማንኛውም ትንሽ አተር ልከክ፣ ሽሮም ልፍጭ፣ ዓሣ እንደ ሆነ በሰው ቃል አይወጣም ብላ ለመነችው። ካሴ ተቆጣ። ከዓሣው አጠገብ ሽሮ ከቀረበ ዓሣውን መስደብ ነው፤ በዚያ ቀን በቤቱ የሽሮ ሽታ እንዳይሸተው አለ። አመለወርቅ ወንድሟን ሀብቴን ጠርታ አህያዋን ጫነችለትና አብሮ እንዲወርድ ላከችው። ካሴም ደስ አለው፤ ምስክር የሌለው ጀግንነት ምን ይረባል?

በሽሎ ዳር የሆነውን እንግዲህ ካሴ እንዳየው ነው። ትሉን መንጠቆ ላይ ሰክቶ ገና ከመወርወሩ ውኃው ፈላ። ዓሣው እንደ ጠበልተኛ ተሰልፎ መጣ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ወጣቱ ከኋላ። አንድ አዞ አሸዋ ላይ ተኝቶ ይሞቅ ነበር። ነገሩን ተመልክቶ፣ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው ብሎ ቦታ ለቆ ሄደ። የመጀመሪያው ዓሣ ትሉን ሲጎርስ ካሴ እስከ ወገቡ ውኃ ገባ። ሁለተኛው ሲጎርስ ወሎ በኩል ተሻግሮ ራሱን አገኘው፤ እዚያ ማዶ አንዲት ሴትዮ ጠላ አቀመሰችው፣ ዓሣው ደግሞ መልሶ ስማዳ አደረሰው። ገመዱ እጁን ሲቆርጠው አህያዋ ላይ አሰረው፤ አህያዋ አንገቷን ደፍታ እንደ እርሻ በሬ ሳበች። ያወጡት ዓሣ አፉ ሲከፈት ጥጃ ያስገባል። ትልልቁን መርጠው፣ ትንንሹን ለመጪው ዓመት እንዲያድግ መክረው ለቀቁት። አንድ ትል ብቻ ነው የሠራው ይህን ሁሉ፤ የተቀሩት ሳይነኩ ተመለሱ። ሀብቴ ይሙት።

የጽዮን ዕለት ማኅበርተኛው በካሴ ቤት ሞላ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። አመለወርቅ በኑግ ዘይትና በበርበሬ የተሠራውን የዓሣ ወጥ በትልቁ ድስት አቅርባ ክዳኑን ስታነሣ፣ ወልደማርያም እንኳ መልኩን ሊያይ አልሞከረም። ምራቁን ዋጠ። ቄስ ቀለመወርቅ ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን አወጡ።

እዚህ ላይ ካሴ ዝም ቢል ኖሮ ሁሉ ነገር ባማረ። ግን ያን ሁሉ ዓሣ ያለ ወሬ ማብላት፣ ለእርሱ ወጥ ያለ ጨው እንደ ማቅረብ ነው። አባ፣ አንድ ጊዜ ብሎ ተነሣ። ስለ ፈረንጁ፣ ስለ ሸምበቆው፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ አዞው አወራ። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ሰው እንጀራውን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ቄስ ቀለመወርቅ የዜማ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ የጥበብ ነገር ይወዳሉ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ሰም ደረቅ አይደለም ወይ፣ በምን አለሰለስኸው ብለው ጠየቁት።

«በበሬ ሞራ ነዋ፣ አባ። ያውም በሰባ!»

ቄስ ቀለመወርቅ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። እንጀራ የቆረሰው ሁሉ የቆረሰውን መልሶ አስቀመጠ።

ከዳር የነበረ አንድ ሰው ሊከራከር ሞከረ፤ ላም ሣር ስለበላች ሥጋዋ ጎመን አይሆንም፣ ዓሣም ሞራ ስለዋጠ ያው ዓሣ ነው አለ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓሣ በገዛ ወንዙ የሚበላውን ይብላ፤ ይኸ ግን በጾም ወራት በክርስቲያን እጅ የቀረበለት ሞራ ነው፤ ያን ውጦ የሞተን ዓሣ እኔ በአፌ አልባርከውም አሉ። ካልዋጠው ደግሞ ምንም ጥርጥር የለበትም። ከዚያ ወደ ካሴ ዞሩ።

«ካሴ፣ ልጄ፣ አስበህ መልስልኝ። ዓሣው ትሉን ውጦታል ወይስ አልዋጠውም?»

ካሴ ድስቱን አየ። በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚቀርብ ነገር የለም፤ ሽሮ እንዳይሸት ያዘዘው ራሱ ነው። ጽዋውን አየ። ወልደማርያም ከጽዋው አጠገብ ጠጋ ብሏል። አልዋጠውም ቢል ማኅበሩ ይጠግባል፣ ጽዋውም ከቤቱ አይወጣም። ግን ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ጠል! ዓሣ ያልነካው ትል ምን ትል ነው? አልዋጠውም ሊል አፉን ከፈተ። አፉ ግን የለመደውን ተናገረ።

«ዋጡት አባ፤ እስከ ጭራው።» የሰውን ፊት አየና ቶሎ ሊጠግነው ሞከረ። «ግን ሰሙን ነው እንጂ ሞራውን አልቀመሱም።»

«ሞራውን እየለየ የሚጾም ዓሣ ነዋ» አለ ወልደማርያም። «እንዲያማ ከሆነ ከኛ ጋር ማኅበር ይግባ፤ ቦታም ሳይለቀቅለት አይቀርም።»

ሰው ሳቀ፤ እጁን ግን ወደ ማዕዱ የሰደደ የለም። አንዳንዱ ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ። ወልደማርያም ጽዋውን በሁለት እጁ አነሣ። ካሴ የመጨረሻውን ኃይሉን አሰባስቦ፣ ሀብቴ አለ፣ ጠይቁት፣ ዓሣው እንዴት እንደ ነበር እርሱ ይንገራችሁ አለ። ይህን ሲል የመጀመሪያው አይደለም፤ ሀብቴን ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ከጓዳው በር ላይ አመለወርቅ ወንድሟን ትክ ብላ ታየዋለች።

«ሀብቴ» አሉ ቄስ ቀለመወርቅ፣ «አብረህ ነበርህ። ምን አየህ?»

ሀብቴ ከበሩ ጎን ከተቀመጠበት ከወገቡ ቀና አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ወደ ካሴም አላየም።

«አባ፣ እኛ በሽሎ አልደረስንም። ቁልቁለቱን ሳናጋምስ የቆላው ሙቀት ትሉን አቅልጦ ከያዝንበት አገልግል ጋር አጣበቀው። አያ ካሴ እግራቸውን አመማቸውና ከዋርካ ሥር ጋደም አሉ። እኔ በመረብ ያጠመዱትን ዓሣ ይዘው ወደ ወገዳ ገበያ የሚወጡ ቆለኞች አገኘሁና እቴ የጫነችልኝን ገብስ ሰጥቼ ለወጥሁ። ሞራ የነካው ዓሣ የለም። በሉ ይባርኩልን፤ ወጡ ቀዘቀዘ።»