ጋራዥ የገባው ድስት

«ሚስ ፐርል ያመጣችው ድስት የት ገባ?» አለች አይዳ።

ባሏን በሪሁንን ከቀበረች ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አሁን ግን ከፍራሹ ላይ ቁጣ ብድግ አደረጋት።

«ጋራዥ አስቀምጬዋለሁ» አለች የሟች ታላቅ እህት ሮማን። «ሁዳዴ ነው እኮ! ያቺ ጃማይካዊት ማን ያረደውን ሥጋ እንዳመጣችብን በምን አውቃለሁ?»

«ትሪኒዳዳዊት ናት። እሷስ የት አለች?»

«ቤቱ ሞልቷል፣ ሶሪ አልኳት። መኪናዋ ውስጥ ትሆናለች።»

ከጥግ አንዷ፣ «ልቡን የጎዳው ይሄው የባዕድ ምግብ ነው» ብላ ስታንሾካሹክ አይዳ ሰማች። ደሟ ፈላ።

በሰው አገር፣ አፕል ቫሊ በሚባል ሰፈር፣ ቤት ከገዙ ጀምሮ በሪሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ይዞ በከተማው ይዞር ነበር። ጃማይካኖች ጋ በቅመም የታሸ ዶሮ፣ ሄይቲዎች ጋ ሩዝ በቦሎቄ በሉ፤ መጨረሻ ላይ ሮቢንስዴል የሚባል ሰፈር የሚስ ፐርልን ጠባብ ምግብ ቤት አገኙ። በሪሁን ቃሪያዋን ቀምሶ እንባው እየወረደ፣ «የኛ ሰው ናት!» አለና ሮቲውን፣ የሷን አገር ቂጣ፣ ቆርሶ አጎረሳት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ኋላ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ እሷም ሳታጎርሰው ሸኝታው አታውቅም። ሮማንን አብራቸው እንድትበላ ስንቴ ለምኗታል! «የማላውቀውን አልበላም» ነበር መልሷ።

አይዳ ጋራዥ ወረደች። ድስቱ ከበረዶ አካፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። መሬት ላይ! ክዳኑን አነሳችው፤ ሽምብራና ድንች ነው፣ የሥጋ ዘር የለበትም። ላዩ ላይ ሮቲው በፎይል ተጠቅልሏል። በሪሁን ስለ ጾሙ የነገራትን ባዕዷ ሴት አልረሳችም፤ እህቱ ግን ክዳን ማንሳት እንኳ ከበዳት።

ተሸክማ አምጥታ ሮማን ፊት ዘጭ አደረገችው።

«እዪው፣ ጾም ነው! ወንድምሽ የሚወዳትን ሰው ከለቅሶው ደጅ መለስሽበት። አላፈርሽም?»

ሮማን አንገቷን ደፋች።

አይዳ በነጠላ ጫማ በረዶውን ረግጣ ወጣች፤ የመኪናውን መስታወት አንኳኳች፤ ሚስ ፐርልን እጇን ይዛ አስገብታ ከራሷ ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። ሚስ ፐርል ሮቲውን ቆረሰች፣ ሽምብራውን ጠቀለለች፣ እጇን ዘረጋች። አይዳ አፏን ከፈተች።

አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሚስ ፐርል ይህንንም ከበሪሁን ተምራለችና ሁለተኛውን ጠቀለለች። አይዳ ከእጇ ተቀብላ ወደ ሮማን ዞረች።

«ጉረሺ» አለቻት፣ ቁጣዋ ሳይበርድ።

ሮማን ዝቅ ብላ ጎረሰች።