ለእንግዳ የጠፋ እሳት

ዕፀገነት የሳሙና ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ቀና ብላ ስታየው ደሟ ፈላ። ጥርት ካለው የአዋሽ ሰማይ በቀር ምንም አይታይም። ከቀን ሁሉ ዛሬን፣ በድንጋይ ከሰል የሚነደው የውሃ ማፍያ ቦይለር ጠፍቷል!

"ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ እህቴ" አለ ሥራ አስኪያጁ አብዱልበሲጥ፣ ኩራት ኩራት እያለው። "ከሰመራ ድረስ የሚመጣን እንግዳ በጭስ አፍኜ ልቀበል? ወላሂ ነውር ነው!"

ምን ትበለው? የወሎ ልጅ ነው፤ እንግዳ መጣ ከተባለ አልጋውን ለቆ ደጅ የሚያድር ሰው።

ስንት ወር ሙሉ፣ በዚያ በሰመራ ሐሩር፣ ድንጋይ ከሰል ስትሰባብር ከርማለች። አየር በማያስገባ በርሜል አክስላ፣ ትኩስ እንፋሎት እያሳለፈች፣ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች እስኪያወጣ አብስላዋለች። ያ ከሰል፣ ጭስ ማውጫው ላይ በገጠመችው ማጣሪያ ውስጥ ሆኖ፣ ሳንባ የሚጎዳውን የድኝ ጋዝ ከጭሱ ስቦ ያስቀራል። ዛሬ ከሰመራ የሚመጣው ገምጋሚ ኮሚቴ በጋዝ መለኪያ አይቶ ይሁን ካለ ማጣሪያው እዚሁ ይቆያል፤ አይሁን ካለ ይነቀላል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አስም ያለባት ታናሽ እህቷ ሉላ ትኖራለች። ባሏ የፋብሪካው ሠራተኛ ስለሆነ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

"አሁኑኑ አስነሳው!"

"እስኪሞቅ ይመሻል እኮ።"

ይህን ሲል መኪናው ግቢ ገባ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በላይ ወርደው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሽቅብ አዩ።

"ጎበዝ! አንዲት ጭስ የለችም!"

ጭብጨባው ቀለጠ። መለኪያው ከሳጥኑ እንኳ አልወጣም። የማጣሪያው ሥራ ከማይታየው ጋዝ ጋር እንጂ ከሚታየው ጭስ ጋር እንዳልሆነ ስንት ጊዜ አስረድታቸዋለች! ልትጮህ አፏን ከፈተችና ሉላ ትዝ አለቻት። ዝም ካለች ማጣሪያው ይቆያል። ዝም አለች፤ በራሷም ተናደደች።

ፍየል ታርዶ ምሳ ቀረበ። አቶ በላይ ቅልጥሙን እየጋጡ፣ "እንዲህ ያለ ሥራማ እዚህ ተደብቆ አይቀርም" አሉ። "ንቀሉና ጫኑት። ሰመራ ኤግዚቢሽን ላይ እናቆመዋለን።"

ዕፀገነት ብድግ አለች። "አይሆንም! አቶ በላይ፣ ይስሙኝ! ቦይለሩ ጠፍቶ ነው ጭስ ያጡት። ምንም አልተሞከረም!"

ሰውየው ከት ብለው ሳቁ። "አያችሁ ትሕትናዋን? የገዛ ሥራዋን ስታንኳስስ!"

"ትሕትና አይደለም! አብዱልበሲጥ፣ ንገራቸው እንጂ!"

አብዱልበሲጥ ላብ በላብ ሆነ። እንግዳን በማዕድ ላይ ተሳስተሃል ማለት ለእሱ ከመሞት አይተናነስም። "ኧረ ምግቡ ቀዘቀዘ" አለ፣ ዓይኗን ላለማየት ወደ ትሪው አቀርቅሮ። "ብሉ እንጂ፣ በአላህ!"

ብሎኑ ተፈታ፤ ማጣሪያው በፒክአፕ ተጭኖ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዕፀገነት ሉላ ቤት ስትገባ ቦይለሩ ከተለኮሰ ቆይቷል፤ የድኙ ሽታ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሉላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ትፈልጋለች።

"ማጣሪያሽ ሠራ አሉ" አለች፣ በሳሉ መሃል ፈገግ ለማለት እየሞከረች። "እንኳን ደስ አለሽ እትዬ። መስኮቱን ብቻ ዝጊልኝ።"