ጣት ያረፈበት ቀለበት

በራሱ ሠርግ ዋዜማ ወንድሜ ወጥ ቤታችንን ወርሶ የሙሽራይቱን ቀለበት ሊያዘጋጅ ተቀመጠ። ልጅቷን ወርቅም ብርም ሲነካት ጣቷን ስለሚያሳክካት ቲታኒየም ከሚባል ብረት አሠራላት፤ አሁን ደግሞ ራሱ በባትሪ ኃይል ሰማያዊ ሊያደርገው ነው። እናታችን ይህን ስትሰማ «ብረት የሚጠለቅበት ሠርግ ላይ አታዩኝም» ብላ ቁርጧን ተናገረች። እርግጥ የከፋት ብረቱ አልነበረም፤ እሷን ሳያማክር መወሰኑ ነው። እልኋን ስለማውቅ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ወንድሜም ፈርቷል፤ ግን እሱም የእሷ ልጅ ነው፣ አይለምንም።

«ዋናው ነገር ዝግጅቱ ነው» አለኝ፣ መምህር መስሎ። ቀለበቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ በዕቃ ሳሙና አጠበው፤ በአልኮል ወለወለው፤ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው ውሃ አለቀለቀው። ከዚያ ለእኔም ጓንት ሰጥቶኝ፣ እሱም በጓንት ይዞ ንጹሕ ወረቀት ላይ አሳረፈው።

«ከእንግዲህ በባዶ እጅ የሚነካው እንዳይኖር! የጣት ቅባት ካረፈበት ቀለሙ ይበላሻል።»

እናታችን በሩ ላይ ቆማ የተሰነጣጠቀ እጇን ቅባት ታሻለች። «ማን ሊነካልህ!» አለች።

ባትሪዎቹን ልናመጣ ወደ ሳሎን ሄድን። ስንመለስ ቀለበቱ እዚያው ነው፤ እሷ የለችም።

ወንድሜ ቀለበቱን በሽቦ አንጠልጥሎ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነከረውና ባትሪዎቹን አያያዘ። መጀመሪያ ነሐስ መሰለ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ያማረ ሰማያዊ። ሲያወጣው ግን ቆሌው ተገፈፈ። ከውጭ በኩል የአውራ ጣት ያህል ቦታ ነሐስ እንደሆነ ቀርቷል፤ ከውስጥም ልክ ትይዩው።

«አንቺ ነሽ!»

«እኔ ጓንቴን መች አወለቅሁ?» ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን። በዚህ ቤት እጁን ቅባት የሚቀባ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጩኸታችንን ሰምታ መጣች።

«እማዬ፣ ነክተሽው ነበር?»

«እኔ? ብረት ምን ያደርግልኛል?» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ትክ ብለን ስናያት ዓይኗን ሰበረች። «የልጅቷ ጣት ሞላ ያለ ነው። ይጠብባት ይሆን ብዬ ነው እንጂ...»

የልጅቷን ጣት መቼ እንዳየችው እንጃ። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

«በል እንደ አዲስ ፈትገው» አለችው። «ቀለበቷን እንዲህ ዥጉርጉር አድርጌ ሰው ፊት አላቆማትም።»

ወንድሜ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ይሁን እማዬ፣ እንዲህ ይቅር። ነገ ከፊት ወንበር ሆነሽ ታዪዋለሽ።»

«ታዲያ ከኋላ ልታስቀምጠኝ ኖሯል?» አለች።