የላይኛው አይቆጠርም

ሃያ አንደኛውን ካርታ ከሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና ጠርዙን በጥፍሬ አቃናሁት። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት። ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌዋለሁ። ቪዲዮው ላይ የሚታዩት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፤ ፊት የለም፣ ድምፅ የለም። የሚባለው ሁሉ ከስር በጽሑፍ ይወጣል፦ «የተመረጠው ካርታ ያለበትን ረድፍ ከሁለቱ መሃል አድርጋችሁ ሰብስቡ። ሦስት ጊዜ ድገሙት።»

ደገምኩት። ከጀመርኩ ስድስተኛ ቀኔ ነበር።

ቪዲዮውን የላከችልኝ ሙጫ የምንላት ልጅ ናት። በምሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ስሙ የወጣላት መጽሐፍ ስለምትለጥፍ ይመስላል፤ እውነቱ ግን አንዴ ሰው አጠገብ ከተቀመጠች ስለማትነሣ ነው። «ለጀማሪ ቀላል ነው ይላል፤ አንቺም እንኳ ትችያለሽ» ብላ ጻፈችልኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሰውየው ግን መቁጠር አይችልም። ኮሜንቱን አንብቢና ሳቂ።»

አነበብኩ። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ «አስር ቁጠሩና አስረኛውን ገልብጡ» ይላል። ሰዉ አስር ቆጥሮ ይገለብጣል፤ ሌላ ካርታ ይወጣበታል። የተመረጠው ካርታ የሚገኘው አስራ አንደኛው ላይ ነዋ። «መምህር፣ መጀመሪያ እስከ አስራ አንድ መቁጠር ተማር» ይላል አንዱ። «በልጄ ፊት አዋረድከኝ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው፣ «አስማቱ ይህን ያህል ሰው እንዲያይህ ማድረግህ ነው።»

እኔ አልሳቅኩም፤ እጆቹን እያየሁ ነበር። አስር ከመቁጠራቸው በፊት የላይኛዋን ካርታ በአውራ ጣት ገፋ አድርገው ወደ ጎን አኖሯት። ከዚያ ነው አንድ ብለው የጀመሩት።

የላይኛው አይቆጠርም። ይህ ዕድሜውን በማተሚያ ቤት የኖረው የአባቴ፣ የአባባ ሕግ ነው። ወረቀት ተጭኖ ሲመጣ ከላይ ያለውን ሉክ ገመድ ይቆርጠዋል፣ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ አባባ እሱን አንሥቶ ለቀለም መጥረጊያ ያስቀምጠውና መቁጠር የሚጀምረው ከሥሩ ካለው ነው። ሌሎች ማተሚያ ቤቶች «ሉክ ሉክ ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። በእጅ መቁጠርን ያስተማረው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው ወንድም ጋሼ።

ወንድም ጋሼ ከሄደ ስምንት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ሙሉ የደብተር ትእዛዝ አበላሸ፤ ጠርዙ ሁሉ ተንጋደደ። አባባ በሠራተኛ ፊት ሽርጡን አስፈትቶ ለሌላ ሰው ሰጠበት። ወንድም ጋሼ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወጣ። ስልኩ ሳምንት ያህል ጠራ፤ ከዚያ መጥራቱንም ተወ። አባባ ያን ሰሞን «ሲርበው ይመጣል» ይል ነበር። በዓመቱ «ያጠፋው እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንሥቶ አያውቅም።

እኔን የሚናፍቀኝ ትልቅ ነገር አይደለም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ሲዘል የሚሰማው ድምፅ ነው። ሻይ ሲጠጣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለእኔ ይተዋት ነበር። ሻይ አልወድም ነበር፤ እሷን ግን እጠጣ ነበር።

ስድስት ቀን ሙሉ እጆቹን አጉልቼ አየሁ። የማውቀው የወንድም ጋሼን የሃያ ዓመት ጎረምሳ እጅ ነው፤ እነዚህ ደልደል ያሉ የትልቅ ሰው እጆች ናቸው። መልእክት ልጽፍለት ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ከጻፍኩለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አባባስ?» ብሎ ነው። መልሱን መጀመሪያ ከአባባ ማግኘት ነበረብኝ።

እሑድ ከሰዓት አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የጋዜጣውን እጥፋት በመዳፉ ያለሰልስ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«ካርታ ነው? ቁማር ጀመርሽ እንዴ?»

«አስማት ነው።»

«እሱ ይሻላል። በይ ተቀመጪ፣ ብርሃኑን ከለልሽብኝ።»

አንድ ካርታ በልቡ እንዲይዝ ነግሬው ደረደርኩ። የያዘው ካርታ ያለበትን ረድፍ ስጠይቀው መሃለኛውን አሳየኝ። ሰብስቤ እንደገና ደረደርኩ።

«አሁንስ?»

«የግራው። ስትሰበስቢ ጠርዙን ግጠሚው እንጂ፣ ምንድነው እንዲህ የተንጨባረረው።»

«አስማተኛ አይታዘዝም፣ አባባ።»

«ጠራዥ ግን ይታዘዛል።»

ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ ካርታዎቹን ለእሱ ሰጠሁት። ቪዲዮው እንዲህ አድርጉ አይልም፤ የሚቆጥረው አስማተኛው ነው። «አስር ቁጠርና አስረኛውን ገልብጠው» አልኩት።

ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ አስተካከላቸው። የላይኛዋን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ጎን አኖራት። «አንድ» አለ። አስር ሲደርስ ገለበጠ፤ ቀይ ልብ ያለባት ሰባት ነበረች።

«እሷ ናት» አለ ደስ ብሎት። «እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ እንደቆጠርከው ካልተቆጠረ አይወጣም። ሰዉ ሁሉ አልወጣልንም ብሎ እየተሳደበ ነው።»

«ማነው ያስተማረሽ?»

ስልኩን ሰጠሁት። ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ያየው ጀመር። የቪዲዮው አውራ ጣት የላይኛዋን ካርታ ሲገፋ የአባባ መዳፍ ጋዜጣው ላይ ቆመ። «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። አራት ጊዜ አየው።

«ወፍሯል» አለ በመጨረሻ። «ደህና ይበላል ማለት ነው።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ሌላ ማን እንዲህ ይቆጥራል? አንቺ እዚህ ነሽ።»

ሰዉ ከስር የጻፈውን እንዳነብለት ጠየቀኝ። ስለ መቁጠሩ የተባለውን ሳነብለት ፊቱ ቀላ። «እነሱ የት ያውቁና ነው» አለ። «የት ወረቀት ይዘው ያውቃሉ።» ስምንት ዓመት ሙሉ ለወንድም ጋሼ ወግኖ ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ልጻፍለት?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ለእሱ ብቻ የሚደርስ ነው፤ ሌላ ሰው አያየውም።»

በሐሳቤ ከባድ ከባድ ቃላት አዘጋጅቼለት ነበር፤ አንዱንም አልተናገረም።

«ቤቱ የሚገኝበትን ጻፊለት» አለ።

«ያውቀዋል እኮ፣ አባባ።»

«አያውቀውም። ጥጉ ላይ የነበረው ፋርማሲ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። አውቶቡሱ እዚያ አይቆምም። በሩንም ቀለም ቀይረነዋል። መጥቶ ዞሮ ዞሮ ተመልሶስ ቢሆን?»

ይህን ስንት ዓመት ሲያስበው እንደኖረ አልጠየቅኩትም። መጻፍ ጀመርኩ፤ እሱ በዝግታ፣ የማተሚያ ፊደል አንድ በአንድ እንደሚለቅም ሰው፣ ይነግረኛል። «ከድልድዩ በኋላ ሁለተኛው ፌርማታ ይውረድ። ፎቁን በግራው ይተወው። ከጎሚስታው ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው። ደረጃው ላይ አሁን መብራት እንዳለ ንገሪው፤ ያን ጊዜ አልነበረም።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ሲመጣ።»

«ከማን ልበል?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ከእኔ በይ» አለ።

ጽፌ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። አንድ ቦታ አስቆመኝ። «ሁለተኛው ሳይሆን ሦስተኛው ፌርማታ ነው። አምና አንድ ጨምረዋል» አለ። አስተካክዬ ላክሁት።

አባባ ካርታዎቹን ሁሉ ሰበሰበ፣ አራቱንም ጎን አገጣጠመ፣ ወደ ካርቶናቸው መለሳቸው። ክዳኑን አጥፎ ጋዜጣው ላይ አኖራቸው።