የስለቱ ግራር

አዳማ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተማረረች ሴት ካለች ትምጣና አብረን እናልቅስ።

ባሌ ጆቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። አምና በጥቅምት ወባ ጥሎት ሰው ሁሉ «አለቀለት» ሲል፣ ጓሯችን ካለው ግራር ሥር ተንበርክኬ ተሳልኩ። «ኪዳነ ምሕረት፣ እሱን አድኚልኝ እንጂ ይህን ግራር ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያንሽ ምሰሶ እሰጣለሁ። ለነሐሴው በዓልሽ አስረክባለሁ» አልኩ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ያደገ ግራር በአገሩ የለም፤ ስለቴ ትንሽ አልነበረም። ጆቴም ተነሣ።

ተነሣ አልኩ እንጂ ሥራ ጀመረ አላልኩም። እስኪጠና ተብሎ ዱካውን ግራሩ ሥር አኖረና እሱ ላይ ተቀምጦ ፍጥረት ሲያይ ይውላል። በበጋ ጦጣዎች መጥተው ፓፓያዬን ጨረሱት። ድንጋይ ሳነሣ፣ «ተያቸው፣ የእግዜር ፍጥረት ናቸው» ይለኛል። ፓፓያውስ የሰይጣን ነው? በበልግ አንዲት ኤሊ ጎመኔ ውስጥ ገባች። «ትዕግሥቷን እይ!» አለኝ። ጎመኑን ስታጋምስ ግን ምንም ትዕግሥት አላየሁባትም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ቢጫዎቹ ወፎች መጡ። ሣር እየቀደዱ በግራሩ በየቅርንጫፉ ጎጆ አንጠለጠሉ። ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ጩኸት ነው፤ ያሰጣሁት ነጠላ ሁሉ ኩስ በኩስ ነው። ጆቴ ዳዊቱን ሲጨርስ አንጋጦ ያያቸዋል። ፈገግ ሲል ጉንጩ ላይ ሥጋ መመለሱን አያለሁ። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ ልቆጣው ጀምሬ ደስ ይለኛል።

ነሐሴ ገባ። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ቄስ መርዳሳ አናጢዎች ይዘው መጡ።

«ዘርፉ፣ የቀረን ምሰሶው ብቻ ነው» አሉኝ።

«ይቁረጡት አባቴ፣ ይገላግሉኝ!»

ጆቴ ከዱካው ተነሥቶ ግንዱን ተደገፈ። «ጫጩቶቹ ገና ክንፍ አላወጡም። እስኪበሩ ይቆይ።»

«የተሳልኩት እኮ ስለ አንተ ነፍስ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። «በዓሉ ቢያልፍብኝስ?»

«እኔን ያስነሣኝ አምላክ ነው እነሱንም የፈጠረ» አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ግንባሩን ብነካው ይፋጃል። ወባው ተመልሷል።

ቄሱም አይተውት ኖሯል። «ልጄ፣ ከእመቤታችን ጋር የተያዘ ቀጠሮ አይፈርስም» አሉ ቀስ ብለው።

መጥረቢያውን ከአናጢው እጅ ነጠቅኩ። ጆቴን በክንዴ ገፋ አድርጌ ከግንዱ አራቅሁት። ከየጎጆው ውስጥ የጫጩቶቹ ጫጫታ ይሰማል። እናቶቹ ትል ይዘው ይገባሉ፣ ባዶ አፋቸውን ይወጣሉ፤ መጥረቢያዬን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

«እመቤቴ!» አልኩ፣ ቄሱ እየሰሙኝ፣ በቁጣ። «ቃሌን አላጠፍኩም፤ ዛፉ ያንቺ ነው። ግን አንቺም በሰው በረት ወልደሻል፤ ልጅ ታቅፎ መሰደድንም ታውቂዋለሽ። እንግዲህ ጥቂት ታገሺኝ!»

ቄስ መርዳሳ አማተቡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አናጢዎቹን «እንሂድ» አሏቸው።

ጆቴን ደግፌ አስተኛሁት። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ብደርብበትም መንቀጥቀጡ አልተወውም። ውሃ ልቀዳለት ስወጣ አንዷ ወፍ ነጠላዬ ላይ ኩሷን ጣለችብኝ። እንባዬ እየወረደ ቀና አልኩ።

«ቶሎ ቶሎ አሳድጓቸው እንጂ! ባሌን እኮ መያዣ አስይዤላችኋለሁ!»