የቲቸር ቅዳሜ

«የእማዬ ጥፍር ጠቁሮ ነበር» አለች ትልቋ ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሁለቱም እጇ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ተያዩ። አንደኛዋ «ውይ!» ብላ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሁለተኛዋ የአክስቷም ጥፍር እንዲሁ ጠቁሮ እንደነበር፣ ነገሩም ጉበት ሆኖ እንደተገኘ ልትናገር ጀምራ የትልቋን ፊት ስታይ ተወችው። ግን ጉበት የሚለው ቃል አምልጧት ወጥቶ ነበር።

ከጀርባቸው ሙሽሪት ለለቀስተኛው ሻይ ትቀዳ ነበር። ጉበት ሲባል ቀና አለችና ሻዩ ከብርጭቆው ተርፎ ሰርቪሱ ላይ ፈሰሰ።

ካገባች ዓመታት ቢቆጠሩም በዚህ ቤት መጠሪያዋ ሙሽሪት ነው፤ የሟቿ ምራት፣ የአንድ ወንድ ልጃቸው ሚስት ናት። ሟቿን ደግሞ ከልጆቻቸው በቀር ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ቲቸር እያለ ነው። የከተማውን ግማሽ ፊደል አስቆጥረው፣ ኋላም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እሑድ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈው ተገኙ። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል፤ ትልቋ ግን አልተዋጠላትም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለጉልበቷ ሕክምና እሄዳለሁ ትለን ነበር» ቀጠለች። «ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ደወልኩ። እንደዚህ የምትባል ታካሚ የለችንም አሉኝ። አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም! እና የት ነበር የምትሄደው? ምን ያለ በሽታ ቢሆን ነው ከእኔ የደበቀችው?»

እጇ ላይ የእናቷ ነጭ መሐረብ አለ። ጥጉ ጠበቅ ተደርጎ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ሲነካ ውስጡ ጠጣር ነገር አለው። ከሹራባቸው ኪስ ያገኘችው እሷው ናት። ክኒን ነው ብላ ስለፈራች እስካሁን አልፈታችውም፤ ከእጇ ግን አልለየችውም። እንባዋንም የምትጠርገው በዚያው ነው።

ሙሽሪት ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይሄዱ እንደነበር ታውቃለች። ጥፍራቸው በምን እንደጠቆረም፣ ቋጠሮው ውስጥ ምን እንዳለም ታውቃለች። ግን በአፏ ላታወጣው ምላለች። ሰርቪሱን ጠርጋ ወደ ጓዳ ስትመለስ ሹክሹክታው ከኋላዋ ተከተላት።

«ምራት ምን ገዷት! እንባ እንኳ የላትም እኮ።»

ሙሽሪትና ቲቸር አይዋደዱም የሚባለው እውነት የነበረበት ጊዜ አለ። ሙሽሪት የምትተዳደረው ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ስልክ በመጠገን ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሁለት ሰው ካልተጣበቀ የማያስቀምጥ ሱቅ አላት። ለመለዋወጫ የሚሆናትን ከቁራሌው ግቢ፣ ከተጣለ ዕቃ መሀል ትለቅማለች። ልጃቸው ሊያገባት ነው ሲባሉ ቲቸር የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጇን አይቼዋለሁ» አሉ። በእሳቸው ቤት ይሄ ስድብ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው የተማሪ ጥፍር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አንድ ቀን ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሱቋ መጡ። በፌስታል የጠረጴዛ መብራት ይዘዋል።

«ሰው አደራ ብሎኝ ነው» አሉ።

ሙሽሪት መብራቱን ገለበጠችው። ሥሩ ላይ የድንች ልጣጭ ተለጥፎበታል።

«ሰውየው ከየት አገኘው?»

ቲቸር ግራና ቀኝ አዩ። «ከጎረቤት ገንዳ» አሉ በመጨረሻ። «ምናለበት፣ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ይጣላል? አይቼ አለፍኩት፤ ተመልሼ አየሁት፤ አላስችል አለኝ።»

መብራቱ ምንም አልሆነም፤ ሶኬቱ ውስጥ አንድ ሽቦ ተነቅሎ ነው። ሙሽሪት ሽቦውን መልሳ አስራ ሰካችው። ብርሃኑ ቦግ ሲል ሻርፑ ከቲቸር ፊት ተንሸራቶ ወረደ፤ እሳቸውም ልብ አላሉትም። «እንኳን ደህና መጣህ» አሉት መብራቱን፣ ከሩቅ መንገድ እንደገባ ዘመድ። ሙሽሪት ሳቋን ዋጠች። ከዚያች ቀን በኋላ አማቷን ልጥላ ብትልም አልሆነላትም።

ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር አሉ። «ቁራሌው ግቢ አዲስ ዕቃ የሚገባው መቼ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

ቲቸር ትንሽ አሰቡ። «በቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ።

ያ መብራት ይኸው ሳሎኑ ጥግ ቆሟል። ትንሿ ልጅ፣ የባሏ ታናሽ እህት፣ ለእንግዶቹ እያሳየች ነው። «ይሄን ሐኪም የሆነ ተማሪዋ ነው የሰጣት። ሰዓቱንም፣ ያንን ቬንትሌተርም፣ ሁሉንም ተማሪዎቿ ናቸው ያመጡላት። ያስተማረ ሰው አይወድቅም።» የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነው ፋርማሲስት ቬንትሌተሩን አየና አቀረቀረ፤ እሱ አንድም ነገር ሰጥቷቸው አያውቅም። ሙሽሪት ተጠግታ፣ ሰዓቱ እኮ ከተሰባበረ ፍሪጅ ሥር የተገኘ ነው፣ አንተ ምን በወጣህ ብትለው ደስ ይላት ነበር። ባዶውን ብርጭቆ ከእጁ ተቀብላው አለፈች።

ቲቸር እንዳይነቃባቸው በሰው ፊት ምራታቸውን ይቆጧት ነበር። «ሻይሽ ስኳር በዛበት» ይሏታል ምግብ ተበልቶ ሲያበቃ። እሷም አንገቷን ትደፋለች። ጓዳ ሲገናኙ ደግሞ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሄ ድራማ ከመጠን በላይ ስለተሳካላቸው ባሏ ሚስቱንና እናቱን ሊያስታርቅ ደጋግሞ ደክሟል።

ቁራሌው ግቢ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ጓንት ያድርጉ ስትላቸው «በጓንት ምን ይታወቃል?» ይላሉ። አንዲት ደህና ማዞሪያ ቁልፍ ካገኙ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። ከሁሉም የሚወዱት ግምቱን ነው። ዕቃው ከመከፈቱ በፊት ብልሽቱ ምን እንደሆነ ሁለቱም ይገምታሉ፤ የተሸነፈ ሻይ ያፈላል። የሚሸነፉት አብዛኛውን ጊዜ ቲቸር ናቸው፤ ሲሸነፉም እንደ ሕፃን ያኮርፋሉ። ብሎኖቹን ደግሞ አያስነኳትም። «አንቺ ዝርክርክ ነሽ፣ ትበትኛቸዋለሽ» ብለው መሐረባቸው ጥግ ላይ ይቋጥሯቸዋል።

አንድ ቅዳሜ «ለምን አይነገርም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ደስ ካለዎት ምን ነውር አለው?»

«ይሄ ከተማ ሙሉ ተማሪዬ ነው» አሉ ቲቸር። «በስንቱ ጥፍር ስፈርድ ኖሬ፣ ዛሬ ገንዳ ውስጥ እስከ ክንዴ ገብቼ ቢያዩኝ አይስቁብኝም? ደስታውንስ ለብቻዬ ልያዘው። ይሄን በአፍሽ አላወጣም፣ ባሌ ይሙት በይ።»

«ቲቸር፣ ባሌ እኮ ልጅዎት ነው።»

«ለዚህ አይደል የማምንሽ? በይ!»

አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ያገኙት ሬዲዮ ነው፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ መያዣው የተሰበረ። ቤት ሰው ስላልነበረ ቲቸር መኝታ ክፍል አልጋው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀመጡ። ሙሽሪት የባትሪ ድንጋዩ ቤት ዝጎ ነው አለች። ቲቸር ሬዲዮውን ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አድርገው ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል አሉ። ብሎኖቹ ወጥተው፣ ክዳኑ ሊነሳ ሲል በሩ ተንኳኳ። ትልቋ ናት፣ ሳትደውል የመጣችው። ሬዲዮው አልጋ ሥር ገባ፣ መሐረቡ ኪስ ገባ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ብለው በሹክሹክታ ጠቀሷት፤ ጉልበታቸውን እያሹ፣ እያነከሱ በር ሊከፍቱ ወጡ። ሙሽሪት በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው እንደዚያ እያነከሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ስላሉ የቲቸር ክፍል ለማደሪያ ይጸዳ ተባለ። ትልቋ አልጋውን ስታስነሳ ሬዲዮውን አገኘችው።

«ይሄ ቆሻሻ ደግሞ ከየት መጣ?» ወደ ሙሽሪት ዞረች። «ያንቺ ነው?»

ሙሽሪት መሐላዋን አሰበች። «አዎ» አለች።

«እማዬ አልጋ ሥር? እሷ ንጽሕና ስትል ኖራ፣ ክፍሏን መጋዘን አደረግሽባት?» የትልቋ ድምፅ ተሰበረ። «ታማ እንኳ፣ እዚህ ተኝታ ስትሰቃይ እንኳ፣ የሰው ጥራጊ ከሥሯ አስቀመጥሽባት!»

ሬዲዮውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወጥታ፣ ግቢው በር አጠገብ ያለው ገንዳ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደች። ሙሽሪት በጓዳው መስኮት ሰማቻት፤ ትልቅ ሴት አፏን በመሐረብ አፍና «ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ፣ ምነው እማዬ» እያለች ታለቅሳለች። ስድቡን ችላው ነበር። ይሄን ግን መቻል አልሆነላትም። ቲቸር ደስታቸውን ለብቻቸው ልያዘው አሉ እንጂ፣ ልጃቸው በሌለ በሽታ ዕድሜ ልኳን ትንገብገብ አላሉም።

እንግዶቹ በተደረደሩበት መሀል አልፋ ገንዳው ዘንድ ሄደች፤ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። እንግዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

ባሏ ከወንበሩ ተነስቶ ደረሰባት። «ምን መሆንሽ ነው? ሰው እያየ!»

«ይይ» አለችው። ሬዲዮውን አወጣች፤ የሻይ ቅጠሉን በጥቁር ቀሚሷ ጠረገችለትና ወደ ጓሮ ዞረች።

ትልቋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሬዲዮውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሙሽሪት ለመቆጣት ጊዜ አልሰጠቻትም፤ አጠገቧ ቁጭ አለችና ሬዲዮውን ጭኗ ላይ በጀርባው አጋደመችው።

«መሐረቡን ፍቺው።»

«ክኒን ነው። ማየት አልፈልግም።»

«ክኒን አይደለም። በሞቴ፣ ፍቺው።»

ቋጠሮው ስለጠበቀ ትልቋ በጥርሷ ሳበችው። አራት ትንንሽ ብሎኖች መዳፏ ላይ ወደቁ። ምንነታቸው ሳይገባት ቆየች። ከዚያ ዓይኗ የሬዲዮው ጀርባ ላይ አረፈ፤ በአራቱም ጥግ ባዶ ቀዳዳ አለ። አንዱን ብሎን አነሳችና ሞከረችው። ልክ ገባ።

«ያንቺ ነው አላልሽም?»

ሙሽሪት የሬዲዮውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ... ካንቺ ጋር ነበረች?»

ሙሽሪት ዓይኗን ከሬዲዮው አላነሳችም።

«ተናገሪ እንጂ!»

«አልችልም» አለች ሙሽሪት። «ባሌ ይሙት ብያለሁ።»

ትልቋ መሐላውን አወቀችው። ወንድሟን ይሙት እያሰኘች የምታስምል ሴት በዓለም ላይ እናቷ ብቻ ናት፤ ትልቋም በልጅነቷ ስንት ጊዜ ስኳር አልሰረቅኩም ብላ ምላላታለች። ሙሽሪት ሁለት እጆቿን ጣቶቿን ዘርግታ አቀረበችላት፤ ልክ ተማሪ በር ላይ እንደሚያቀርብ። ከጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው፤ ግራሶና ዝገት፣ በሳሙና የማይለቅ። ትልቋ እጆቿን ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻቸው።

«እማዬም እንዲሁ ነበር?»

ሙሽሪት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የማለችው በአፏ ላለማውጣት ነው።

«መብራቱ? ሰዓቱ?»

ነቀነቀች።

«አልታመመችም ማለት ነው» አለች ትልቋ። ቃሉን ደግማ አለችው። ከዚያ ሳቀች፤ «ጉልበቴን ስትል እኮ ቅባት ገዝቼላታለሁ» እያለች ሳቀች፣ ሳቋም ብዙ ሳይቆይ ወደ ልቅሶ ዞረ። የዚህኛው ልቅሶ ድምፅ ግን ከቅድሙ ይለያል።

ሙሽሪት እንዲያው እጇ ሥራ እንዲይዝላት የሬዲዮውን ክዳን አነሳችው። የድንጋዩ ቤት ንጹሕ ነው። ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ቀጭን ቀይ ሽቦ ግን መሀሉ ላይ ተበጥሷል።

«አሸንፈዋል» አለች።

«ማን?»

 ሻይ ማፍላት የሙሽሪት ተራ ነው፤ የሚጠጣው ሰው የለም። እነዚያ ሁሉ እንግዶች ሲጠብቁት የሰነበቱት እንባ ያኔ መጣ፤ ትልቋም ምንም ሳትጠይቅ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ያዘቻት።

ሲበርድላት ሽቦውን በጣቶቿ ገምዳ አያያዘችው። ክዳኑን መለሰችና ከቀሚሷ ኪስ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣች። ትልቋ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ታቀብላታለች። ሦስተኛው እንደገባ መዳፏን ዘጋች።

«ይቺ ለእኔ ብትቀር ይበላሻል?»

«አይ፣ በሦስትም ይዘጋል» አለች ሙሽሪት።

ትልቋ የቀረችውን ብሎን መሐረቡ ጥግ ላይ አስቀምጣ ጠቀለለቻት፤ ጫፉን በጥርሷ ይዛ፣ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።